የ8 ዓመቱ ሥራ የማን ነው?

በዚህ አምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወር አስቤዛና ስለ ባልና ሚስት መግባባት ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ግን ስለ አንድ ነጠላ ሰረዝ እናወራለን። «ነጠላ ሰረዝ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዲት እህት ወረቀት ይዛ እቤቴ እስክትመጣ ድረስ እንደ እናንተው ነበርኩ።

ይህች እህት በአንድ የልብስ ፋብሪካ በስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ 8 ዓመት ሠርታለች። የሁለት ልጆች እናት ናት። ቀን ከመኪናው፣ ማታ ከደብተሩ ጋር እየታገለች የማታ ትምህርቷን ጨርሳለች። አሁን በሌላ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ይቅረብ ስለተባለ ራሷ አርቅቃ፣ ኮምፒዩተር ቤት አስተይባ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይዩልኝ። ፊደሉን እንኳ ኮምፒዩተሩ አይቶታል፤ ቀይ መስመር አላሰመረበትም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን እንዲህ የሚል አነበብኩ፦ «ሃቪንግ ወርክድ ፎር ኤይት ይርስ፣ ማይ ቦስ ኖውስ ማይ ወርክ ዌል።» ልትል የፈለገችው «8 ዓመት ስለሠራሁ አለቃዬ ሥራዬን በደንብ ያውቀዋል» ነው። ወረቀቱ የሚለው ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛውን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው የሚረዳው «አለቃዬ 8 ዓመት ስለሠራ ሥራዬን በደንብ ያውቀዋል» የሚለውን ነው። ወገቧን ያጎበጠችው እሷ፣ ዓመቱ የተመዘገበው በአለቃዋ ስም!

ይህን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ግን ፊቷ ተለወጠ። ለካስ ይህንኑ ጽሑፍ ከዚህ በፊት ለሁለት ቦታ ልካው ኖሯል፤ ከሁለቱም መልስ አልመጣላትም። በዚህች መስመር ምክንያት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ለማመልከቻ መልስ የማይመጣበት ምክንያት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የሥራ ልምዷን አንብቦ የሚመዝነው ሰው ልምዱን በሌላ ሰው ስም ተጽፎ ካገኘው ምን ብሎ ይመዝንላታል?

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በአማርኛችን «ሠርቼ» ስንል ሠሪው እኔ መሆኔ በዚያችው ቃል ውስጥ ተነግሯል። «ሠርታ» ካልን ሴት፣ «ሠርቶ» ካልን ወንድ፣ «ሠርተን» ካልን እኛ፣ «ሠርተው» ካልን ብዙዎች ወይም የምናከብራቸው አንድ ሰው። መምህሮቻችን ቦዝ አንቀጽ ብለው ያስተማሩን ይህ ነው፤ ማሰሪያ ባይሆንም ባለቤቱን ከነጾታው ይዞ ይዞራል። «ስሠራ»፣ «ስለሠራሁ»፣ «ከሠራሁ በኋላ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ዓረፍተ ነገሩን በእኔ ጀምሮ በሌላ ሰው ቢጨርሰው ሰሚው አይሳሳትም፤ ማን ምን እንዳደረገ እያንዳንዱ ቃል በጭራው ይናገራል።

የእንግሊዝኛው «ሃቪንግ ወርክድ» ግን ጭራ የለውም። እኔ ብሠራም፣ አንቺ ብትሠሪም፣ እነሱ ቢሠሩም ያው «ሃቪንግ ወርክድ» ነው። «ዎኪንግ»፣ «ኩኪንግ»፣ «አፍተር ፊኒሺንግ»፣ «ቢፎር ሊቪንግ» የሚሉትም ሁሉ ባዶ እጃቸውን የመጡ ናቸው። በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ሐረግ ሲቀመጥ፣ አንባቢው «ማን?» ብሎ ይጠይቅና ነጠላ ሰረዙን ተሻግሮ መጀመሪያ የሚያገኘውን የዋናውን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ይይዛል። ሐረጉን ለእሱ ይሰጠዋል። ሌላ ሰው አይፈልግም። በአማርኛ «ባለቤት» የሚለው ቃል ለትዳር ጓደኛም፣ ለንብረት ጌታም፣ ለሰዋስውም የምንጠቀምበት መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመኝ፤ «ባለቤቱን ያልያዘ ሐረግ በሩ ላይ ያገኘውን ሰው ባለቤቴ ይላል» ብዬ ነገርኳት።

እሷ ግን በቀላሉ የምትሸነፍ አልሆነችም። «ማይ ብያለሁ እኮ!» አለችኝ። «ማይ ካልኩ እኔ መሆኔን እንዴት አያውቁም?»

ይህ ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ልጆቻችንም የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። «ማይ»፣ «ዮር»፣ «ሂዝ»፣ «ኸር»፣ «ኢትስ»፣ «አወር»፣ «ዜር» የሚባሉት አገናዛቢዎች ናቸው። ነገሩ የማን እንደሆነ ይናገራሉ እንጂ ራሳቸው የአንቀጽ ባለቤት ሆነው አይቆሙም። «የአልማዝ ልጅ መጣ» ያለ ሰው አልማዝ መጣች አላለም። አልማዝ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ስሟ ቢጠራም የመጣው ልጇ ነው። «ማይ ቦስ» ሲባልም የቆመው አለቃው ነው፤ «ማይ» ከጎኑ ተለጥፋ የማን አለቃ እንደሆነ ብቻ ታመለክታለች። ያ 8 ዓመት ከነጠላ ሰረዙ ወዲህ ተሻግሮ ሲመጣ የሚያርፈው በቆመው ላይ ነው። በአማርኛ «አለቃዬ» አንድ ቃል ስለሆነ «ዬ»ን ለብቻዋ ቆማ አናያትም። በእንግሊዝኛ ግን «ማይ» ተነጥላ ከፊት ስለምትጻፍ ለዓይናችን ሰው ትመስለናለች። ስሕተቱ የሚጀምረውም ከዚህ ይመስለኛል።

ከቤት ምሳሌ ላምጣ። «ወደ ቤቴ ስሄድ ጫማዬ ተበጠሰ» የሚለውን ልጃችሁ «ዎኪንግ ሆም፣ ማይ ሹ ብሮክ» ብሎ ቢጽፈው፣ ጫማው ብቻውን በእግሩ ወደ ቤት ሲሄድ መንገድ ላይ ተበጠሰ ማለቱ ነው። እዚህ ላይ አንባቢው ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ጫማ ብቻውን እንደማይሄድ ሁሉም ያውቃልና ጉዳት የለውም። ጉዳት የሚኖረው ሁለቱም ሰዎች ሲሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ልጅ የላከች አንዲት እናት ልጇ ታሞ ሲቀር ለመምህሩ የምትጽፈውን ማስታወሻ አስቡ፦ «ሃቪንግ ኤ ሃይ ፊቨር፣ አይ ኬፕት ማይ ሰን አት ሆም።» ልትል ያሰበችው «ከፍተኛ ትኩሳት ስለነበረው ልጄን ቤት አስቀረሁት» ነው። የጻፈችው ግን «ከፍተኛ ትኩሳት ስለነበረኝ ልጄን ቤት አስቀረሁት» ሆነ። «ስለነበረው» እና «ስለነበረኝ» በአማርኛ አይምታቱም፤ አንዲት ፊደል ትለያቸዋለች። በእንግሊዝኛው ግን ያቺ ፊደል ቦታ የላትም። መምህሩ ልጁ እናቱን ሲያስታምም የዋለ ይመስለዋል። በማግስቱ ልጁ ክፍል ውስጥ ቢደክም፣ ምግቡን ቢተው፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ተጠጋግቶ ቢቀመጥ፣ ታሞ የተነሣ መሆኑን የሚያውቅ የለም። መድኃኒቱ በጣም ቀላል ነው፦ «ማይ ሰን ሃድ ኤ ሃይ ፊቨር፣ ሶ አይ ኬፕት ሂም አት ሆም።» የታመመው በስሙ ተጠራ፤ ያስቀረችውም «አይ» ብላ ቆመች።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በተለይ የምንሳሳትበት አንድ ቦታ ደግሞ አለ። አማርኛ የሕመምን፣ የድካምንና የእንቅልፍን ነገር ሲናገር ሰውየውን ባለቤት አያደርገውም። «ራሴን አመመኝ»፣ «እንቅልፍ ወሰደኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ» እንላለን፤ እኔ በ«ኝ» ውስጥ ተደብቄያለሁ። ስለዚህ «ቤት ስደርስ ራሴን አመመኝ» ማለት የለመደ ልጅ «አራይቪንግ ሆም፣ ማይ ሄድ ስታርትድ ቱ ኤክ» ብሎ ሲጽፍ ምንም ቅር አይለውም። ቤት የደረሰው ግን ጭንቅላቱ ብቻ ሆኖ ቀረ። በዚህ ጊዜ ልጁን «አታስብም እንዴ?» ብሎ መቆጣት ተገቢ አይደለም፤ ልጁ አስቧል፤ ያሰበው ግን በአማርኛ ነው። «ዌን አይ አራይቭድ ሆም፣ ማይ ሄድ ስታርትድ ቱ ኤክ» ብሎ «አይ»ን በመጀመሪያው ሐረግ ውስጥ እንዲያስገባ ብታሳዩት ነገሩ አለቀ።

አገናዛቢ ምን ያህል ሸክም ሊሸከም ይችላል የሚለው ክርክር ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው በሆኑት ሰዎች መካከልም ተነሥቶ ያውቃል። በጥቅምት 2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚሰጠው ፒኤስኤቲ በተባለው ፈተና ላይ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ስላገኘችው ደራሲ ስለ ቶኒ ሞሪሰን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቦ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምረው «የቶኒ ሞሪሰን ተሰጥኦ» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ ደራሲዋን «ኸር» በሚል ቃል ያመለክታል። ፈታኞቹ «ስሕተት የለበትም» ብለው ነበር። አንድ የሜሪላንድ መምህር ግን ተነሥቶ፣ ባለቤት ሆኖ የቆመው ተሰጥኦው ስለሆነና ቶኒ ሞሪሰን በአገናዛቢነት ብቻ ስለተጠራች «ኸር» የምትመለከተው ሰው የለም ሲል ተቃወመ። የፈተናው ባለቤቶች መጀመሪያ አልተቀበሉትም። በ2003 እ.ኤ.አ. ግን ጥያቄውን ከፈተናው አውጥተው የተማሪዎቹን ውጤት እንደገና አሰሉ። ብዙ የሰዋስው ሊቃውንት የመምህሩ ሕግ ከመጠን በላይ የከረረ ነው፤ ማንም አንባቢ «ኸር» ማን እንደሆነች አይስትም ይላሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ስሟ ተጠርቷል፣ ሌላ ሴት በአካባቢው የለችም፣ ምን ያምታታል? የእኛዋ እህት ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እሷ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በ«ማይ» ብቻ ተጠርታ ሌላ ሰው በቦታዋ ቆሟልና።

አገናዛቢው በመጀመሪያው ሐረግ ውስጥ ሲገባስ? «አፍተር ፊኒሺንግ ኸር ወርክ፣ አልማዝ ዌንት ሆም» የሚለውን አንዳንድ ተማሪዎች «አልማዝ ሳትጠራ ኸር እንዴት ይባላል?» ብለው ይፈሩታል። አይፈሩት። በመጀመሪያ ሐረግ ውስጥ ያለች «ኸር» ወደ ፊት አይታ ከነጠላ ሰረዙ ማዶ የቆመችውን አልማዝን መጠበቅ ትችላለች። እኛም «ሥራዋን ጨርሳ አልማዝ ወደ ቤት ሄደች» እንላለን። ነገር ግን አልማዝን ከቦታዋ አንሥታችሁ «አፍተር ፊኒሺንግ ኸር ወርክ፣ ኸር ኸዝበንድ ቱክ አልማዝ ሆም» ብትሉ የአልማዝን ሥራ የጨረሰው ባሏ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ባል ቢገኝ በዚህ አምድ በፎቶግራፍ አስደግፈን እናወጣው ነበር፤ ግን ጸሐፊው ይህን ለማለት አልፈለገም።

«አልማዝ ለእህቷ ባሏ እንደመጣ ነገረቻት» ስንል የማን ባል ነው? የአልማዝ ወይስ የእህቷ? እዚህ ላይ አማርኛችንም አይረዳንም፤ «ኸር ኸዝበንድ» የሚለው እንግሊዝኛም እንደዚሁ ሁለቱንም ይዞ ይቀራል። በደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ አገናዛቢውን ትታችሁ ስም ጥሩ። ስም መደጋገም ነውር አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ አያታችን ቤት ልንገራችሁ። ይቺው እህት የ10 ዓመት ልጅ አለቻት፤ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ ከእናቷ ጋር መጥታ ነበር። በደብተሩ ላይ «አወር ግራንድማዘር ሶልድ ዜር ሃውስ» የሚል ጽፋለች። «ሴት አያታችን ቤታቸውን ሸጡ» ማለቷ ነው። በአማርኛ «ቤታቸው» ለብዙ ሰዎችም፣ ለምናከብራቸው አንድ ሰውም ይሆናል። በእንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ «ዜር» ካልን አያትዮዋ የሌሎች ሰዎችን ቤት ሸጡ የሚል ይመጣል፤ ክስ ነው ማለት ነው። «ኸር ሃውስ» በይ ስላት ልጅቷ አፈረች። «አያቴን እሷ ልበላት?» አለች። ውድ እናቶች፣ ልጆቻችሁ እንዲህ ሲያፍሩ አትሳቁባቸው፤ ያስተማራችኋቸውን ጨዋነት ነው የያዙት። እንግሊዝኛ በ«ኸር» እና በ«ሂዝ» ውስጥ አክብሮትም ንቀትም የለውም፤ ለሕፃንም ለሽማግሌም አንድ ነው ብላችሁ አስረዷቸው። ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅ ሲቀር ለአንድ ሰው «ዜር» ማለት ግን ይቻላል፤ ይህ ከ14ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኝ አነጋገር ነው። አያት ግን ሴት መሆናቸው የታወቀ ነው።

አንዳንድ መነሻ ሐረጎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ መሆናቸውንም ማወቅ ይጠቅማል። «አኮርዲንግ ቱ»፣ «ኮንሲደሪንግ»፣ «ጄኔራሊ ስፒኪንግ» የሚሉት በአገልግሎት ብዛት እንደ መስተዋድድ ሆነዋል፤ ማን ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። በማመልከቻ መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው «ዊዝ ሬፈረንስ ቱ ዮር አድቨርታይዝመንት» የሚለውም እንዲሁ ነው። የእህታችን ማመልከቻ በዚሁ የጀመረ ስለሆነ መጀመሪያው መስመር ላይ እጄን አላሳረፍኩም።

እንግሊዝኛ አልተማርኩም የምትሉ እናቶችም ልጃችሁን በዚህ ልትረዱት ትችላላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትና ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ልጁ ሲያጠና ግን አጠገቡ ተቀምጣችሁ በአማርኛ ብቻ መጠየቅ ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩ ከነጠላ ሰረዝ በፊት ሐረግ ካለው፣ መጀመሪያ ከሰረዙ በኋላ ማን እንደቆመ ይንገራችሁ። «ማይ ቦስ» ካላችሁ «አለቃው» ነው። ከዚያ ወደ ፊተኛው ሐረግ ተመልሶ በዚያ ሰው ጭራ በአማርኛ ይናገረው፤ «ሠርቶ» ይበል። «ማነው የሠራው?» በሉት። «እኔ» ካለ ሁለቱ አልተስማሙም፤ ልጁ ራሱ ያየዋል። «ሠርቼ» እና «ሠርቶ» አንድ አለመሆናቸውን ለመለየት ከእናንተ የበለጠ አዋቂ የለም። የልጅቷን ደብተር በዚህ ዓይነት ስናየው በአንድ ገጽ ላይ ሌሎች ሁለት ራሷ አገኘች፤ አንደኛው ላይ ድመቷ ወጥ ስትሠራ ተገኘች።

ወደ ማመልከቻው እንመለስ። ሁለት መንገድ አቀረብኩላት። አንደኛው መነሻውን ሐረግ እንዳለ ትቶ ከሰረዙ በኋላ «አይ»ን ማቆም ነው፦ «ሃቪንግ ወርክድ ፎር ኤይት ይርስ፣ አይ ኖው ማይ ወርክ ዌል።» ሁለተኛው ሐረጉን ራሱን ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መለወጥ ነው፦ «አይ ሃቭ ወርክድ አዝ ኤ ሶዊንግ ማሺን ኦፐሬተር ፎር ኤይት ይርስ፣ ኤንድ ማይ ቦስ ኖውስ ማይ ወርክ ዌል።» ሁለተኛውን መረጠች። «አለቃዬ ይመስክርልኝ፤ ዓመቱን ግን ለእኔ ይተውልኝ» አለች። ምርጫዋ ትክክል ይመስለኛል፤ የሥራው ዓይነትም በስሙ ገብቷል፤ የመጀመሪያው ቃልም «አይ» ሆነ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ከፊርማዋ በላይ «ዩርስ ፌዝፉሊ» ስትጽፍ ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ከላይ ትንሽ ጭረት ሰቅላለች። «ዩርስ» በራሱ አገናዛቢ ስለሆነ ጭረቷን አይፈልግም፤ «ኢትስ»ም የእሱ ለማለት ሲሆን እንዲሁ ነው። ደብዳቤው የሰው ስም ሳይጠራ «ዲር ሰር» ብሎ ከጀመረ «ዩርስ ፌዝፉሊ»፣ በስም ከጠራ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ማለት የቆየ የደብዳቤ ልማድ ነው። ጭረቷን በእስክሪብቶ ሰረዝኩላት።

ቡናው ገና አቦል ላይ ነበር። ኮምፒዩተር ቤቱ እሑድ በጊዜ ይዘጋል ብላ፣ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ልጅቷን በእጇ ይዛ ቶናውን ሳትጠብቅ ወጣች። ልጅቷ ከበሩ መለስ ብላ «እትዬ፣ ድመቷንስ ምን ላድርጋት?» ስትል ጠየቀችኝ። «ወጡን ማን እንደሠራ ጻፊ» አልኳት።